የቃሬዛዋ ታርጋ

ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን 1988 ዓ.ም. ነበር። እንዲህ ብዬ እጀምርና እጄ ይቆማል። አሥራ ስድስት ነው ወይስ አሥራ ሰባት? እኅቴ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው ብላ በየዓመቱ በዚያ ቀን ትዘክራለች። የደብራችን ቄስ የቀበሩትን ሰው የሚጽፉበት ደብተር ግን አሥራ ሰባት ይላል። እኔ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ መርዶው የደረሰኝ በደብዳቤ፣ ያውም ነሐሴ ከገባ በኋላ ነው። እናቴን አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከቤት ያወጧት በአሥራ ስድስት ጧት መሆኑን ሁሉም ይስማማል። «አስፋልት ሳይደርሱ መንገድ ላይ ዐረፈች» ተብሎ ነው የተነገረን። መንገድ ላይ ካረፈች ግን በዚያው ቀን መልሰው ይቀብሯት ነበር፤ በእኛ አገር ሬሳ አያድርም። ታዲያ ያ አንድ ቀን የት ገባ?

ከአራቱ ተሸካሚዎች በሕይወት ያለው መንግሥቴ ውባየሁ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱን ልጠይቅ አፌን እከፍትና ሌላ ነገር አወራ ነበር። አሁን ወረታ ከተማ የለም። ወደ ጠረፍ ወርዶ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ይጠግናል ይላሉ።

በእጁ የሠራት መኪና ግን እዚሁ አለች። ከተያዙ ሞተር ሳይክሎችና ከተጋጩ ባጃጆች ጋር በትራፊክ ፖሊስ ግቢ ቆማለች። በወለሏ ሣር በቅሎ ወጥቷል፤ ዶሮዎች ሰፍረውባታል። ሰገን የምትባል የአገራችን ሴት ለገበያ በመጣች ቁጥር የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ታሳያታለች። ሌላው የከተማ ሰው እያለፈ ይሥቅባታል። ይህን የምጽፈው ያ ሣቅ ስላንገበገበኝ ነው።

መንግሥቴ የሩዝ መፈልፈያ ጠጋኝ ነበር። ጋራዡ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ጥቂት ገባ ብላ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። የገበሬ ልጅ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ሩዝ ሜዳችንን ሲሞላው መፈልፈያው ተከትሎ መጣ፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ግን አብሮ አልመጣም። መንግሥቴ ያኔ በአንድ መፈልፈያ ቤት ሩዝ እያፈሰሰ ይውል ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ቀጥ ሲል ባለቤቱ ባለሙያ ፍለጋ ባሕር ዳር ሄደ። ሲመለስ ሞተሩ ብሎን በብሎን ተፈትቶ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ አገኘውና ዱላ አነሣ። መንግሥቴ «መጀመሪያ ልግጠመው፤ ካልሠራ ያኔ ትመታኛለህ» አለው። ሞተሩ ሠራ።

በሜትር አይለካም፤ በስንዝርና በክንድ ነው። ብረቱን በጠመኔ ጫር ያደርግና ይቆርጠዋል። ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ያወራል፣ የሚያወራውም ስድብ ነው። «ቶሎ በል እንጂ» ላለው አንድ ባለ መፈልፈያ፣ ጠግኖ የጨረሰውን ዕቃ መልሶ ፈትቶ በጆንያ አድርጎ አስረክቦታል። ሚስቱ ሸዋነሽ «አንተ ሰው ነህ ቤንዚን? ክብሪት ባየህ ቁጥር ትነድዳለህ» ትለው ነበር።

አገራችን ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ጣና ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ እስከ አስፋልቱ ያለው የሦስት ሰዓት መንገድ ጭቃና ውኃ ነው። የታመመ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ ለዚህም አርባ ሁለት አባወራ ያለበት የቃሬዛ ማኅበር አለን። ቃሬዛው ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና በመካከላቸው የተጠላለፈ ጠፍር ነው። የማኅበሩ ሕግ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ልጅ ሆነን እያየን ነው የተማርነው። ቃሬዛው የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው። ተሸክሞ የተመለሰ ሰው ቢዘንብበትም ቢደክመውም እዚያ ሳያደርሰው ቤቱ አይገባም። ማንም ቤቱ አያሳድረውም፣ ማንም «ቃሬዛዬ» ብሎ አይጠራውም። የታመመው ማን ነው ተብሎም አይጠየቅም፤ ደመኛህም ቢሆን ተራህ ከደረሰ ትከሻህን ትሰጣለህ። ባለቤት ያለው ነገር ይከለከላላ! እኛ ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው።

በ2010 ጥር ላይ መንግሥቴ ማኅበርተኛውን ሰብስቦ «ትከሻችን አለቀ» አለ። «ጎልማሳው ሁሉ ለሰሊጥ ወደ ጠረፍ እየወረደ ነው። ነገ እኔን ማን ይሸከመኛል? ለቃሬዛው ሞተር እናድርግለት።» ሣቁበት። ቢሆንም ሩዝ ሲታጨድ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ወጣለት፤ ካምቢዮውን የገዛው በዚያ ሩዝ ነው።

ሥራው ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀበት። ሞተሩ ከተጣለ መፈልፈያ የወጣ ባለ አንድ ፒስተን ናፍጣ ነው። ካምቢዮው የአሮጌ ፒክአፕ ነው። ሻንሲውን ከድልድይ ሥራ ከተረፈ ብረት በየደው። ጥቁሩ አፈር እንዳይውጣት ብሎ የትራክተር የፊት ጎማ አደረገላት። በር የላትም። ከኋላዋ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አልጋ አላት፤ ቃሬዛው አጣናው ሳይነቀል፣ በሽተኛው ሳይነሣ፣ እንዳለ እላዩ ላይ ይቀመጥና በአራት ቀለበት ይያዛል። መንግሥቴ ብዙ ያሰበው ስለዚህ ቀለበት ነው። «ሰው ሲታመም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለብጡት ነው የሚሞተው» ይል ነበር። ስም አላወጣላትም። ሰው ራሱ «ቃሬዛዋ» አላት።

ጭቃውን ቻለችው። በ2013 ክረምት ሁለት በሽተኛ ከሜዳው አወጣች። አስፋልት ላይ ስትደርስ ግን ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። ታርጋ የለ፣ ሊብሬ የለ፣ ቦሎ የለ። ሁለቱንም ጊዜ በሽተኛውን አውርደው መንገድ ዳር አስቀምጠው የሰው መኪና ለመኑ። በማግሥቱ መንግሥቴ እኔ ቤት መጣ። እኔ ወረታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ።

«አንተ ወረቀት ታውቃለህ» አለኝ፣ ቁጭ ሳይል። «የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ታርጋ አምጣልኝ። ሰው መንገድ ዳር ማስቀመጥ መሮኛል።»

ማመልከቻውን ጻፍሁ። ለማስመርመር መኪናዋን ባሕር ዳር ወዳለው መመርመሪያ ግቢ መውሰድ አለብን፤ ታርጋ የሌላት መኪና ደግሞ አስፋልት ላይ አትነዳም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው አንድ ቀን ቆም ብሎ አስቦበት ያውቃል? በአይሱዙ ጭነን ወሰድናት። ሐሙሲት ከተማ ላይ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሲቆም ባለ ባጃጆቹ ከበቡን።

«ምንድን ናት እሷ?»

«ቃሬዛ ናት» አለ መንግሥቴ፣ ከጭነቱ ላይ ሆኖ።

«ታዲያ ምን ነካት? ራሷን ተሸክመዋት ይሄዳሉ እኮ!»

«አሟታል። እንዳንተ ያለ ሥራ ፈት አይታ ነው የታመመችው።»

በመጀመሪያው ጉዞ የጎን መስታወት የላትም ተብለን ተመለስን። በሁለተኛው ፍሬቻዋ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል ተባልን፤ መንግሥቴ ፍሬቻውን በጥርሱ ሊነቅለው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰዎቹ ከሥሯ ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩም። ከሩቅ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ እየሣቁ ነው የመለሱን። ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣን። ይህንን አልረሳውም።

በሦስተኛው ጉዞ፣ ግንቦት ላይ፣ ማርያማዊት የምትባል መሐንዲስ ደረሰችን። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቱታዋን ለብሳ ከመኪናዋ ሥር ገባች፤ በትንሽ መዶሻ ብየዳውን አንድ በአንድ እያንኳኳች ስታዳምጥ ቆየች።

«ማን ነው የበየደው?» አለች ከሥር።

«እኔ።»

«የት ተማሩ አባቴ?»

«ሩዝ ቤት።»

ወጥታ አየችው። ቀልድ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «የሰው ማመላለሻ ናት የጭነት? ወንበር የላትም።»

«በሽተኛ አይቀመጥም፤ ይተኛል።»

ፍሬኗን አየች፤ መብራቷን አየች። መስመር ላይ አቁም ስትለው መስመሩ ላይ አቆመ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገች። ጫማዋን አውልቃ ቃሬዛው ላይ ወጣችና በጀርባዋ ተጋደመች። ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ጮኹ።

«ኧረ በስመ አብ! ምነው በቁምሽ!»

መንግሥቴ ደነገጠ። «ውረጂ ልጄ። እኔ ጤነኛ ሰው አልሸከምም።»

«እኔ መርማሪ ነኝ። ሰው ሊተኛባት ከሆነ ተኝቼ ነው የማየው። ይንዱ።»

ሦስት ጊዜ ግቢውን አዞራት፤ በጉድባውም፣ በጠጠሩም። ስትወርድ ጀርባዋን አራግፋ «አትመታም» አለችና ፈረመች። መንግሥቴ ሲሥቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥርሱ ነጭ መሆኑን እስከዚያ አላውቅም ነበር።

ሣቁ እስከ ታርጋ ክፍሉ መስኮት እንኳ አልደረሰም። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ሰው ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ባለንብረት?»

«ማኅበር» አለ መንግሥቴ።

«የምን ማኅበር?»

«የቃሬዛ።»

«ፈቃድ አለው?»

«ለመሸከም ፈቃድ?»

«ማኅተም? የግብር ከፋይ ቁጥር? ሊቀ መንበሩ ማነው?»

«በተራ ነው የምንሸከመው። ሊቀ መንበር የለንም።»

ሰውዬው አሁን ቀና አለ። «ታዲያ ይቺ መኪና የማን ናት?»

«የታመመ ሰው።»

«የታመመ ሰው ብዬ ሊብሬ ላይ ልጻፍልህ?» ዞሮ ለባልደረባው ነገረውና ሁለቱም ሣቁ። «ስማ፣ ባለቤት የሌለው መኪና በዓለም የለም። ወይ ማኅበራችሁን አስመዝግባችሁ ኑ፣ ወይ የአንድ ሰው ስም አምጡ። ቀጣይ!»

የመንግሥቴ እጅ መስታወቱ ላይ ነበር። ያ እጅ ብረት ያጣምማል፤ ክርኑን ይዤ ባልጎትተው መስታወቱ ይወርድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ሳስበው ለምን ጎተትሁት እላለሁ። መሐንዲሷ ገላዋን አጋድማ የመረመረችውን ሥራ በአንድ ቃል መለሱብን። በዚያ መስኮት የሚያልፍ ወጣት ሁሉ አቤት ጌታዬ እያለ ሲያጎነብስ አይቻለሁ፤ እኔም አጎንብሻለሁ።

ማኅበሩን ለማስመዝገብ አገር ቤት ወርጄ ለመንሁ። ማኅበሩን የሚጠሩት አያ ያየህ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እሳቸው ዱላቸውን ሳይሆን ዱላቸው እሳቸውን የሚከተል የሚመስል ቀጥ ያሉ ሽማግሌ።

«ሊቀ መንበር ምረጡ ነው የሚሉት?» አሉኝ።

«አዎ አያ ያየህ። ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም።»

«ገንዘብ የለን፤ ምኑን ነው የሚይዘው?» ሰው ሣቀ። እሳቸው አልሣቁም። «ስማኝ አንተ ልጅ። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበር ነበረን። ሊቀ መንበር ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ መጋዘን ነበረው። አንድ ቀን ጧት ሊቀ መንበሩ ከነቁልፉ ጠፋ። እህላችን በመስኮት እያየነው ነቀዘ። ቃሬዛችን እስካሁን ቁልፍ አያውቅም። በእኔ ዕድሜ አያውቅም።»

አልተዋጠልኝም፤ ግን ባዶ እጄን ወረታ ተመለስሁ። ሰኔ ገባ። ከጣና በኩል ደመናው በየቀኑ ይቆለላል። መንግሥቴ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል፤ ከዚያ ወደ እኔ ያያል። ያኔ ነው የማልረሳውን ነገር የተናገርሁት።

«ስም እኮ ቀለም ነው» አልሁት። «የማን እንደሆነች አንተ ታውቃለህ፣ እኛም እናውቃለን። ለመስኮቱ ሰውዬ ብለን ባንተ ስም እናስመዝግባትና ክረምቱን እንቅደመው።»

ሸዋነሽ ከጓዳ ወጣች። «እንዳታደርገው። ቃሬዛ በስሙ ያደረገ ሰው ቤት ማን ለቅሶ ይደርሳል?»

«አንቺ ዝም በይ፣ የተማረ ሰው እየተናገረ ነው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አድርግ ካልኸኝ አደርጋለሁ። አገር ቢጠይቀኝ ግን አንተ ነህ የምትመልስ» አለኝ።

«እመልሳለሁ» አልሁ።

ቅጹን እኔ ሞላሁ። እሱ ስሙን የጻፈው እያንዳንዱን ፊደል እንደሚበይድ ሰው ተጠንቅቆ ነው። በሳምንቱ ሁለት ታርጋና አንድ ሊብሬ ይዘን ወጣን። ቃሬዛዋ በእግሯ በአስፋልቱ ወረታ ገባች። መንግሥቴ መንገዱን ሙሉ የደረት ኪሱን እየዳበሰ ነዳ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገር ቤት ወሰድናት። ዝናቡ ገና ስላልጠነከረ መንገዱ ያስገባል። ሰው ከበባት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቃሬዛው ከደጀ ሰላሙ መጥቶ ቀለበቱ ላይ ተቀመጠ። አያ ያየህ ታርጋውን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ሊብሬውን አዩ።

«ይህ መጽሐፍ ምን ይላል? አንብብልን።»

አነበብሁ። የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ቀለም። መዝለል እችል ነበር። ሌላ ስም መጥራትም እችል ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቀርቦ የሚያመሳክር አልነበረም። እኔ ግን ተማሪ እንዳይዘል ስቆጣ ሃያ ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። «የባለንብረቱ ስም፣ መንግሥቴ ውባየሁ» ብዬ አነበብሁ።

«ድገመው» አሉ አያ ያየህ።

ደገምሁት። እልልታው ቆመ።

«ለወረቀት ነው አያ ያየህ» አልሁ። «ስም እኮ ...»

«አንተን አልጠየቅሁም። መንግሥቴ፣ ነገ ብትሞት ይቺ መኪና ለማን ናት?»

«አልሞትም» አለ መንግሥቴ።

«ትሞታለህ። ለማን ናት?»

መንግሥቴ መሪውን ጨበጠ።

«ለልጆችህ ናት። ልጅህ ከእኔ ልጅ ጋር በድንበር ቢጣላና የእኔ ልጅ ቢታመም፣ መክፈቻውን ይሰጠዋል?»

ከኋላ አንዲት ሴት «ሞታችንን በስሙ አስመዝግቦ መጣ እኮ!» አለች። ሰው አጉረመረመ። አራት ጎልማሶች ቀርበው ቃሬዛውን ከቀለበቱ ፈቱና ወደ ደጀ ሰላሙ መለሱት። ማንም አላዘዛቸውም።

መንግሥቴ እጁን ዘረጋ፤ ከጣቱ እስከ ክርኑ ጠባሳ ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት የተቃጠልሁት ለማን ነው? ለማን ነው?»

«ለእኛ መስሎን ነበር» አሉ አያ ያየህ።

ወደ እኔ አላየም። እመልሳለሁ ያልሁት ሰው ሊብሬውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አንድም መልስ ከአፌ አልወጣም። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

በአያ ያየህ ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። ነገር ግን የመስኮቱ ሰውዬ በሕይወቱ የማያውቀውን ነገር እሳቸው ያውቁ ነበር። ባለቤት ያለው መኪና ምን እንደሚያደርግ እኔም አስፋልቱ ዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ያልፋል።

መንግሥቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋራዡን ዘጋ። የአገራችን መንገድ አስፋልቱን በሚገናኝበት ቦታ፣ ተሸካሚዎች ከውኃው በሚወጡበት አፍ ላይ መኪናዋን ያቆምና ከጧት እስከ ማታ መሪው ላይ ይቀመጣል። ሸዋነሽ ምሳውን በባጃጅ ትልክለታለች። ሦስት በሽተኛ ወጣ። ሦስቱንም ጊዜ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከእሱ አሥር እርምጃ ርቀው፣ መንገድ ዳር ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ለሚያልፍ መኪና እጃቸውን አወዛወዙ። እሱ ጡሩምባውን ይነፋል። እነሱ ዞረው አያዩትም። ይህን የሰማሁ ጊዜ ማንን ልስደብ? የመንግሥት ወረቀት ያላት፣ ፍሬኗ የተመረመረ፣ ቦሎ የተለጠፈባት መኪና ቆማ፣ የታመመ ሰው ድንጋይ ላይ ዝናብ ይመታዋል!

ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን 2014 ዓ.ም.፤ ይህን ቀን አልጠራጠረውም። ለእናቴ ዝክር አገር ቤት ልወርድ በባጃጅ እዚያ አፍ ላይ ደረስሁ። ሜዳው በሙሉ ውኃ ነው። መንግሥቴ ጆንያ ራሱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ከሰኔ ወዲህ አልተነጋገርንም። አጠገቡ ቆምሁ። ዛሬ እጠይቀዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

«መንግሥቴ።»

«ምን?»

«አንድ ነገር ...»

«ዝም በል» አለኝ። ከመሪው ላይ ተነሥቶ ወደ ውኃው ያያል።

ሰዎች እየመጡ ነበር። አራቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ውኃው እስከ ጭናቸው ነው። አያ ያየህ ከጎን አንድ እጃቸውን አጣናው ላይ አድርገው ይራመዳሉ። ሲቀርቡ የተጋደመችው የልጃቸው ሚስት ሰገን እንደሆነች አየሁ። ባሏ ጠረፍ ነው። ምጡ ከትናንት ጧት ጀምሮ ይዟታል፤ አሁን የምትጮህበት አቅም እንኳ የላትም፣ ታቃስታለች። ከውኃው ወጡና ወደ ድንጋዩ አመሩ።

«አያ ያየህ!» አለ መንግሥቴ። «እዚህ ላይ ያድርጓት!»

«በሰው ንብረት ላይ አናስቀምጥም።»

«የልጅዎ ሚስት ናት!»

«የማንም ብትሆን ሕጉ አንድ ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ። ወደ አስፋልቱ ወጥተው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። አንድ ፒክአፕ ውኃ ረጭቶባቸው አለፈ። አይሱዙ አለፈ። አንድ ሚኒባስ ቀዝቀዝ አለና ቃሬዛውን ሲያይ ነዳው።

መንግሥቴ ከመቀመጫው ሥር የብሎን መፍቻ አወጣ። ለአፍታ እሳቸውን ሊመታ መስሎኝ ደነገጥሁ። ከመኪናዋ ፊት ተንበረከከና የፊቱን ታርጋ ፈታ። ዞሮ የኋላውን ፈታ። ሊብሬውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደና ውኃው ላይ ጣለው። ታርጋዎቹን ደረቴ ላይ ለጠፈብኝ፤ ያዝኋቸው።

«እንካ መምህር፣ ቀለምህን።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አሁን የማን ናት ብለው ይጠይቁኝ።»

«የማን ናት?» አሉ አያ ያየህ።

«እኔ እንጃ! ስም የላት፣ ታርጋ የላት። መንግሥት አያውቃት፣ እኔም አላውቃት። መንገድ ላይ ቆማ አገኘኋት!»

አያ ያየህ ሰገንን አዩ። ከዚያ ተሸካሚዎቹን አዩ። «አንሡ» አሉ።

አጣናዎቹ ቀለበታቸው ውስጥ ገቡ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰገን አልተነቃነቀችም። አያ ያየህ እንደ ጎልማሳ ዘለው ወጥተው እጇን ያዙ።

«ኬላው ላይ ትራፊኮቹ ይይዙሃል» አልሁት። «ታርጋ የላትም፣ ይወስዷታል።»

«ይውሰዷት። እሷ ከደረሰች በኋላ ይውሰዷት።» ሞተሩን በእጅ መዘውሩ አዞረው፤ አንድ ጊዜ ተሳለ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ያዘ። መንግሥቴ አንድ እግሩን አሳፍሮ ቆመና ያን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተመለከተው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከሞተሩ በላይ እየጮኸ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ይሁን ለድንጋዩ ይሁን እንጃ፣

«ሁለተኛ ሴት እዚህ ድንጋይ ላይ አታድርም!» አለ።

ሁለቱን ታርጋ እንዳቀፍሁ ወደፊት ተራመድሁ። «የመጀመሪያዋ ... እናቴ ...» አልሁ፤ ድምፄን ለራሴም አልሰማሁትም። ቃሬዛዋ ጭሷን ተፍታ አስፋልቱ ላይ ወጣች፤ ወደ ኬላው በኩል ታጠፈች።